«ሻይ ጠጥተህ እስክትመለስ» ከሚባል የኮፓ ጥገና ተጠንቀቁ

ድሬዳዋ ውስጥ መኪናችሁ ከሥሯ ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረች የምትሰሙት መልስ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ «አቦ አታስብ፣ የኮፓ ጋስኬት ነው። ሻይ ጠጥተህ እስክትመለስ እንጨርሰዋለን።» ኮፓ ከሞተሩ ሥር ዘይቱን የሚይዘው ገንዳ ነው፤ ጋስኬት ደግሞ በመጋጠሚያው የሚገባው ማሸጊያ። ዋጋውም በጥቅል ይነገራል፤ ጋስኬት፣ ዘይትና ጉልበት አንድ ላይ። ከሌላው ጋራዥ ስለሚቀንስም ያጓጓል። ሆኖም በትክክል የሚሠራ የኮፓ ጥገና ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚደርስ ነገር አይደለም። መካኒኩ የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ኮፓውን የሚያጣብቀው ሲሊኮን የሚደርቀው በራሱ ጊዜ ነው።

ከስሙ እንጀምር። ቪትዝን፣ ያሪስንና አብዛኛውን ኮሮላ ጨምሮ በከተማችን የሚበዙት ቶዮታዎች ኮፓቸው ላይ ተቆርጦ የተዘጋጀ ጋስኬት የላቸውም። ፋብሪካው ራሱ ኮፓውን ከሞተሩ ጋር የሚያጣብቀው ከቱቦ በሚወጣ ፈሳሽ ማሸጊያ ነው። ስለዚህ ለቪትዝ «ኦሪጅናል የኮፓ ጋስኬት» ተብሎ ለብቻው ዋጋ ከተጻፈባችሁ አሳዩኝ በሉ። የሚያሳዩአችሁ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ከሆነ የሲሊኮን ዋጋ ክፈሉ፤ አንድ ኮፓ ደግሞ ሙሉ ቱቦ እንኳን አይጨርስም። የቡሽ ወይም የጎማ ጋስኬት ያላቸው ሞተሮች አሉ፣ በተለይ የቆዩት። እነሱ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይሠራል፦ ጋስኬቱ ዙሪያውን በሲሊኮን ይለቀለቃል፤ ሲጠብቅም እየተንሸራተተ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይወጣል። እዚያ ላይ ሲሊኮን የሚያስፈልገው ሁለት አካላት የሚገጣጠሙበት ማዕዘን ላይ ጠብታ ያህል ብቻ ነው።

የቶዮታ የጥገና መመሪያ ማሸጊያው ከተቀባ በኋላ ኮፓው በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲገጠም፣ ከዚያም ሞተሩ ቢያንስ 2 ሰዓት ሳይነሳ እንዲቆይ ያዛል። ከገበያ የሚገዛው ተራ የሞተር ሲሊኮን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ 24 ሰዓት የሚጠይቅ ብዙ ነው። በዚህ ላይ ዘይት ማፍሰሻና ማጽጃ ጊዜ ጨምሩበት። ጠዋት ገብታ ከሰዓት በኋላ የምትወጣ መኪና ምክንያታዊ ናት፤ ብታድር ደግሞ የተሻለ። በአንድ ሰዓት የተመለሰች መኪና ግን ወይ በእርጥብ ሲሊኮን ላይ ዘይት ተሞልቶባታል፣ ወይ ኮፓዋ ጨርሶ አልወረደም።

ኮፓው ሳይወርድ «የተጠገነ» መኪና ሥሩ ሲታይ ይታወቃል፦ በኮፓውና በሞተሩ መጋጠሚያ ላይ ከውጭ የተለጠፈ ወፍራም የሲሊኮን መስመር፣ ከሥሩም ያልተፈታ ብሎንና የቆየ ጭቃ። ይህ ልጥፍ ዘይት ባለበት ብረት ላይ ስለማይዝ ሳምንትም ላይቆይ ይችላል። ሲፈታ ደግሞ የሚቀጥለውን ሠራተኛ ሥራ ያበዛል፤ ያንን ሁሉ መፋቅ አለበትና።

ከሁሉ በፊት ግን ዘይቱ በእርግጥ ከኮፓው የሚወጣ መሆኑ መታወቅ አለበት። ኮፓው የሞተሩ የመጨረሻ ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ከላይ የፈሰሰ ሁሉ ወርዶ የሚንጠባጠበው ከእሱ ነው። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጋስኬት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የዘይት ግፊት ጠቋሚው (ሴንሰሩ)፣ የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የፊትና የኋላ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ)፣ ሁሉም ሲያፈሱ «ኮፓ» ይመስላሉ። የድሬ አቧራ ደግሞ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ስለሚሆን ምንጩን ይሸፍነዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ላቫጆ ወስዳችሁ የሞተሩን ሥር ብቻ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን በፕላስቲክ ሸፍነው በጥንቃቄ እንዲያጥቡት አድርጉ። ሲደርቅ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሕፃን ፓውደር ንፉበት፣ ከዚያ አስር ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ተመልከቱ። ዘይቱ ነጩን ፓውደር የሚያጠቁረው ከላይ ጀምሮ ከሆነ ኮፓውን መንካት አያስፈልግም። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር በሚገናኝበት በኩል ብቻ ከሆነ የኋላ ፓራኦሊዮ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ካምቢዮ ማውረድ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ዋጋ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ትንሹ ነገር የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ራንዴላ (ከብሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበት) ነው። ዘይት በተቀየረ ቁጥር መቀየር ሲገባው ዓመታት ይቆያል፤ ሲያፈስ «ኮፓ ይውረድ» ይባላል። ጠብታው ከብሎኑ ጫፍ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ መጀመሪያ ራንዴላውን ቀይሩ።

መሬት ላይ ያያችሁት ኩሬ ዘይት መሆኑንም አረጋግጡ እንጂ። በዚህ ሙቀት ኤሲ ሳይከፍት የሚነዳ ጥቂት ነው፤ ከፊት ተሳፋሪው እግር በታች በኩል የሚንጠባጠበው ጥርት ያለ ውሃ የኤሲው ነውና ጤነኛ ነው። ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ የራዲያተር ውሃ መሆኑን ጠርጥሩ።

የኮፓ ሥራ ነው ከተባለ በኋላም አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ የቱ ኮፓ? በብዙ ቶዮታዎች ላይ ኮፓው ሁለት ነው። ከታች ያለው ትንሹ የቆርቆሮ፣ ከላይ ያለው ከሞተሩና ከካምቢዮው ጋር የታሰረ የአልሙኒየም ነው። የታችኛው ቀላል ሥራ ነው፤ የላይኛው ግን ብዙ ነገር ያስፈታል። የታችኛውን ሠርቶ የላይኛውን ዋጋ መጠየቅ ቀላል ማጭበርበሪያ ነው፣ ምክንያቱም ሥሩን ጎንበስ ብሎ የሚያይ ባለቤት ጥቂት ነው።

አሁን ትክክለኛው አሠራር ምን እንደሚመስል፣ ቆማችሁ ስትመለከቱ እንድታውቁት። መኪናው በክሪክ ብቻ አይቆምም፣ በብረት መደገፊያ ላይ ያርፋል፤ ክሪኩም ኮፓው ላይ አይገባም። ኮፓ በክሪክ ከተደቆሰ ከውስጥ ያለው የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይታፈናል። ሞተሩ ሞቅ ብሎ፣ ግን እጅ ሳያቃጥል ዘይቱ ይፈሳል። ብሎኖቹ በ10 ቁልፍ ይፈታሉ፣ ከዚያም ኮፓውን የያዘው የቆየ ሲሊኮን በስስ ምላጭ ዙሪያውን ይቆረጣል። ካቻቢቴ አስገብቶ የሚፈነቅል ካያችሁ አስቁሙት፤ የኮፓውን ከንፈር ያጣምማል፣ የአልሙኒየሙን ፊት ይቧጭራል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ሲሊኮን አይዝለትም።

የወረደውን ኮፓ ውስጡን እዩት። ከታች ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ካለ ብሮንዚን (ኮሎው የሚሽከረከርበት ስስ የብረት መደገፊያ) እየተበላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጥያቄው ስለ ማፍሰስ መሆኑ ቀርቷል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወደ ላይ ከጎበጠ ቀድሞ የሠራው ሰው ከመጠን በላይ አጥብቆታል ማለት ነው። ከንፈሩ በእንጨት ላይ ተደግፎ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሳይስተካከል መልሶ ማሰር ከንቱ ልፋት ነው። ሁለቱም ፊት የድሮው ሲሊኮን ሙሉ በሙሉ እስኪነቀል ከተፋቀ በኋላ በቤንዚን ይጸዳል፣ ዘይት አንዲት ጠብታ እንኳን እንዳይቀር ይደረቃል። ከሞተሩ ብሎክ ዘይቱ እየወረደ ከሆነ መጠበቅ ነው፤ የችኮላ ጋራዥ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሲሊኮኑ ቱቦው ላይ ዘይት የሚቋቋም ተብሎ የተጻፈበት ይሁን። ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው የሞተር ዘይት አይቋቋምም። የሚቀባው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ያልተቆረጠ መስመር ሆኖ በብሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ያልፋል። «ብዙ ከሆነ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ሞተር ይገድላል፦ ትርፉ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፣ ሲደርቅ እየተቆረሰ ወደ ወንፊቱ ይሄዳል፣ ወንፊቱን ሲደፍነው ዘይት ወደ ላይ አይደርስም። ቀዩ የዘይት መብራት አንዳንዴ ብልጭ ማለት ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚታየውም ሞተሩ ሲጨነቅና ዘይቱ ሲቀጥን ነው። ከድሬ ተነስቶ በሐረር መንገድ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ መኪና የሚያሳየው ይህንን ነው። ከ1,200 ሜትር ገደማ ወደ 2,000 ሜትር በሚወስደው ጠመዝማዛ ላይ መብራቱ ከበራ «ሐረር ደርሼ አየዋለሁ» አይባልም። ሞተሩን አጥፍታችሁ ዳር ቁሙ።

ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር እየተፈራረቁ፣ በሁለት ዙር ይጠብቃሉ፤ መጨረሻው ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው። ይህ በአጭር የ10 ቁልፍ በእጅ አንጓ ብቻ የሚደረግ ነው፣ ረጅም እጀታ የሚሰካበት አይደለም። የማፍሰሻው ብሎን ግን ጠንከር ይላል፤ በቶዮታ 37 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

ዘይቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የፈሰሰውን ዘይት በጨርቅ አጥልሎ መልሶ መሙላትና የአዲስ ማስከፈል ከባድ አይደለም፣ በተለይ እናንተ ሻይ ቤት ካላችሁ። ጀሪካኑ ፊታችሁ ይከፈት፣ የክዳኑ ቀለበት ያልተቆረጠ ይሁን፣ ባዶውን ብሳችሁ ውሰዱ፤ ባዶ ጀሪካን ነው ለሐሰተኛ ዘይት ጥሬ ዕቃው። 1.5 ሊትሩ የቪትዝ ሞተር ከፊልትሮ ጋር 3.7 ሊትር ይወስዳል፤ ባለ 4 ሊትር ጀሪካን ተከፍቶ ትንሽ ካልተረፈ ወይ ከመጠን በላይ ተሞልቷል ወይ ሌላ ቦታ ሄዷል። ቤንዚን ሞተር ላይ አዲስ ዘይት በመለኪያው ዘንግ ላይ የማር ቀለም አለው። ናፍጣ ከሆነ ግን ወዲያው ስለሚጠቁር በዚህ ብቻ ሰው አትወንጅሉ።

በትክክል ተሠርቶም በወራት ውስጥ ደግሞ ካፈሰሰ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲሊኮን ከማስቀባት በፊት የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ይታይ። እሱ ከተደፈነ በውስጥ የታፈነው ጋዝ በየመጋጠሚያው ዘይት ይገፋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ጭስ በጉልበት የሚወጣ ከሆነ ፋሻዎቹም (የፒስተኑ ቀለበቶች) ተበልተው ሊሆን ይችላል፤ ያን ኮፓ አያድነውም።

ደረሰኝ ጠይቁ፤ ላይኛው ወይስ ታችኛው ኮፓ፣ የሲሊኮኑና የዘይቱ ዓይነት፣ ኪሎ ሜትሩና ለስንት ጊዜ ዋስትና እንደተሰጠ ይጻፍበት። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ስለምትገዙት ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አላችሁ። «ጥቅል ነው፣ ዝርዝር የለውም» የሚል ካለ ዝርዝሩን የማይጽፍበት ምክንያት አለው።

መኪናውን በወሰዳችሁበት ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ አንጥፉ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ካርቶኑን እዩ፣ ዘይቱን በዘንጉ ለኩ፤ በሳምንቱም ድገሙት።