«ተዘጋጅቶ የመጣ የውጭ እንጨት» እያሉ ቨርኒሽ የተቀባ ጥድ እየሸጡ ነው፤ አሳ የምታሳድጉ ተጠንቀቁ

አሳ የምታሳድጉ ሁሉ፣ እባካችሁ ይሄን ሳታነቡ ለአኳሪየማችሁ እንጨት እንዳትገዙ። እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ «ከውጭ የገባ፣ ታጥቦ ተቀቅሎ ያለቀለት» ተብሎ በውድ የሚሸጥ እንጨት አለ፤ እኔ እጅ የገባው ግን ቨርኒሽ የተቀባ የአገራችን ጥድ ነው። 6,500 ብር ከፍዬበታለሁ። ከጣት ከማይበልጥ ጀምሬ ያሳደግኩት ፕሌኮ የሚባለው አሳ ሞቷል፣ ቴትራ የሚባሉት ትንንሾቹ አሳዎች በሙሉ አልቀዋል፣ ጉፒ ከሚባሉት የተረፉት ባልዲ ውስጥ ናቸው። ከሱቁ የተመለስኩት ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ገና ስትገቡ ስልካቸውን አውጥተው የሌላ ሰው አኳሪየም ቪዲዮ ያሳያሉ፤ ዋጋ ስትጠይቁ «ለእርስዎ ስል» ይላሉ፤ ደረሰኝ ስትሉ ማሽኑ ተበላሽቷል። የኔም ይኸው ነበር። ልጁ እንጨቱን ከመደርደሪያ አውርዶ «እናቴ፣ ይሄ ሞፓኒ ነው፣ ከደቡብ አፍሪካ ነው የሚመጣልን፣ እዚያው ዘፍዝፈው ቀቅለው ነው የሚልኩት» አለኝ። ሞፓኒን በስም አውቀዋለሁ፤ ጠንካራና ከባድ የሆነ፣ አንድ ጎኑ ጠቆር ሌላው ጎኑ ፈካ የሚል እንጨት ነው። ይሄኛው ዙሪያውን አንድ ዓይነት ቡናማ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ቤት ወስጄ ልቀቅለው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ኧረ እንዳይቀቅሉት! ይበላሻል፤ ዝም ብለው ይክተቱት» አለኝ። ይህችን ንግግር ያዙልኝ። ቢቀቀል ቨርኒሹ ድስቱ ውስጥ ይላጥ ነበር፣ ሽታውም ቤቱን ሞልቶ ያጋልጣቸው ነበር። የከለከለኝ ለዚህ ነው።

ማታ ከተትኩት። ውሃው ቢጠቁር አልደነግጥም ነበር። አብዛኛው እንጨት ታኒን የሚባል ቡናማ ነገር ይለቃል፣ ውሃውን ቀጭን ሻይ ያስመስለዋል፣ አሳ ግን አይገድልም፤ ካርዲናል ቴትራ የሚገኝበት የደቡብ አሜሪካው የሪዮ ኔግሮ ወንዝ ራሱ እንዲያ ያለ ውሃ ነው። እኔ ጠዋት ያገኘሁት ሌላ ነው። ውሃው ላይ የሚያብለጨልጭ ስስ ዘይት ተዘርግቷል፤ አሳዎቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይፈልጋሉ። ፕሌኮው ከእንጨቱ ሥር በጀርባው ወድቋል። ፕሌኮ እንጨት እየፋቀ የሚበላ አሳ ነው፣ እንጨቱንም የገዛሁት ለሱ ብዬ ነበር። ሌሊቱን የፋቀበት ቦታ ይታያል፤ ቀለሙ ተነስቶ፣ ከሥሩ ቀላ ያለ እንጨት ወጥቶ። የመጀመሪያው ሟች እሱ የሆነው ቨርኒሹን ስለበላው ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ሁልጊዜ የማሳድረው ውሃ አይጠፋኝም፤ የተረፉትን ጉፒዎች ያተረፍኩት በዚያ ነው።

እንጨቱን በፌስታል ጠቅልዬ ሄድኩ። ያው ልጅ ነው ያለው። ፌስታሉን ሲያይ ፊቱን ወደ ስልኩ መለሰ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ገለበጥኩት። ከሥሩ የሴራሚክ ቁራጭ በሚስማር ተመትቶበታል፣ የሚስማሩ ጭንቅላት መዛግ ጀምሯል። «ሞፓኒ በራሱ ክብደት የሚሰጥም እንጨት ነው፤ ይሄ ሴራሚክ ለምን አስፈለገው?» አልኩት። መልስ የለም። የቤቴን ቁልፍ አውጥቼ ጎኑን ፋቅኩት። ቀለሙ እየተጠቀለለ ተነሳ፣ ሽታው አብሮ ወጣ። ያንን ሽታ አገራችን ውስጥ የማያውቅ አለ? በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምናሸተው፣ የአጥር ቋሚ ሲፈለጥ ግቢውን የሚያውደው ጥድ ነው። ወደ አፍንጫው አስጠግቼ «አሽትተው» አልኩት።

አሸተተው። ከዚያ አንገቱን ወደ ጓዳ አዙሮ «ጥዱን ይዛ መጣች!» ብሎ ተጣራ።

ጥዱን ነው ያለው። ሞፓኒው አላለም። እኔ ላይ ሲሸጡት ሞፓኒ የነበረው እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ጥድ ነው። ማለት ከመጀመሪያው ያውቁታል፣ ሁሉም ያውቁታል። እኔ እኮ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምናልባት እነሱንም ያስመጣላቸው ሰው ሸውዷቸው ይሆናል እያልኩ ነበር የሄድኩት።

ባለቤቱ ከጓዳ ወጣ። ጣቶቹ እስከ ጥፍሩ ሥር ቡናማ ናቸው፤ ቨርኒሹ እጁ ላይ ገና አልደረቀም። ሰላምታ እንኳ የለም። «ማዘር፣ የሞተብሽ አሳ ነው፣ በግ አይደለም፤ ምን ይጠበስ ነው የምትይው?» አለኝ። ሲሸጡልኝ «እናቴ፣ እርስዎ» ነበርኩ። ልጁ ሳቀ። ገንዘቤን መልስ ስለው ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በዚያው በቡናማ ጣቱ አሳየኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ደረሰኝ አለሽ?» አለ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ደረሰኝ የከለከለኝ ልጅ አጠገቡ ቆሞ ነው ይሄን የሚጠይቀኝ።

ሱቁ ውስጥ አንድ ሌላ ገዢ ነበር፤ ትንሽ ልጁን ይዞ ተመሳሳይ እንጨት እያገላበጠ። «ወንድሜ፣ አትግዛ፣ ጥድ ነው፣ አሳህን ይፈጅብሃል» አልኩት። ባለቤቱ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ሳትቀቅለው ከታው ነው፤ እኛ ለሁሉም ደንበኛ ቀቅሉ እንላለን።» ከአሳዎቼም ከገንዘቤም ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እንዳትቀቅይ ብሎ የላከኝ ቤት ራሱ፣ ሰው ፊት አለመቀቀሌን ጥፋቴ አደረገው። ሻጩ ልጅ ቀና ብሎ አላየኝም። ገዢው እንጨቱን አስቀምጦ ትንሽ ልጁን ይዞ ወጣ፤ እሱ እንኳ ተርፏል።

ጥድ ቀቅላችሁትም አይሆንም። ምስጥ የማይደፍረው ዘይት ስላለው ነው፤ ለአጥርና ለቤት የሚመረጠውም ለዚሁ ነው፤ ያ ዘይት አሳ ያለበት ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። ባሕር ዛፍም እንደዚሁ። ሙጫ የሚያወጣ፣ እርጥብ የሆነ፣ ልጡ ያልወረደ፣ ቀለም ወይም መድኃኒት የነካው ጣውላ ሁሉ ይቅርባችሁ። ለዓመታት ደርቆ የከረመ የወይራ ጉቶ ብታገኙ ይሄ ሁሉ ብር አያስፈልግም። በብሩሽ ፈትጉት፣ ሳሙናም በረኪናም አታስነኩት፣ በትልቅ ድስት ለሁለት ሰዓት ያህል ቀቅሉት፣ ከዚያ ውሃ እየለወጣችሁ ራሱ እስኪሰጥም ዘፍዝፉት፤ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ከገባ በኋላ ነጭ ልጋግ ቢለብስ አትደንግጡ፣ በብሩሽ ይለቃል። ከሱቅ ከገዛችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ፋቁት፣ አሽትቱት፤ አትፋቁ የሚል ሻጭ ካለ ትታችሁት ውጡ።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ ደግሞ አትውጡ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ደረሰኙን ይዞ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይሄን አይሽረውም። እኔ የከፈልኩት በቴሌብር ስለሆነ መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ፣ እንጨቱም ከነሴራሚኩ እጄ ላይ ነው፤ ሁለቱን ይዤ ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ሥሩ ላይ ሴራሚክ የተመታበት ቡናማ እንጨት ቤታችሁ ያለ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት፣ በውስጥ መስመርም አሳውቁኝ፤ አብረን ብንሄድ ይሻላል።