የያሪሴ ዕቃዎች፦ የቶዮታ ሳጥን፣ የካያባ ሳጥን እና የሶማሌ ተራ ልባሽ

መኪናዬ በፈረንጆቹ 2008 የተሠራች ያሪስ ናት። ባለ 1.3 ሞተር ሴዳን፣ ከዱባይ የገባች። ከአንድ ዓመት ትንሽ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የፊት ፍሬን ሸራ፣ አራቱንም አሞርዛተር (ንጥረቱን የሚያበርደውን)፣ የብራቾ ጎሚኒ (የጎማውን ክንድ የሚይዘውን ላስቲክ)፣ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን)፣ ፊልትሮ፣ አንድ የፊት መብራትና አንድ ስፖኪዮ ቀይሬላታለሁ። ከቶዮታ ሳጥን የወጣው፣ ማለትም በቶዮታ ስም ታሽጎ የሚሸጠው፣ ጥቂቱ ነው። አሁን ሁሉም በቂ መንገድ ስለሄዱ የታዘብኩትን ልጻፍ።

"ለአሮጌ መኪና ይሄ ሁሉ ወጪ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ታዲያ ምን ይደረግ? በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና የመለዋወጫ ዋጋ አልቀመስ አለ። ያለችንን ይዘን እየተንከባከብን እንቀጥላለን።

ሱቅ ገብቶ "ኦርጅናል ነው?" ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። "አዎ ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው" ይባላል፣ ያበቃል። እኔ የምጠይቀው "ማን ሠራው?" ብዬ ነው። ቶዮታ አብዛኛውን ዕቃ ራሱ አይሠራም። ካንዴላና የኤሲ ኮምፕሬሰር ከሚያቀርቡለት መካከል ዴንሶ አለ። የውሃ ፓምፕና ፍሪሲዮን አይሲን ይሠራለታል። ለፍሬን አድቪክስ፣ ለአሞርዛተር ካያባ፣ ለኩሽኔታ ኮዮ አሉ። እነዚሁ ድርጅቶች ዕቃቸውን በራሳቸው ሳጥንም ይሸጣሉ፣ የዚያን ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። ያው ፋብሪካ ሠራው ማለት ግን ሁልጊዜ ቁርጥ ያው ዕቃ ነው ማለት አይደለም። ቶዮታ የሚያዘው በራሱ መለኪያ ነው፣ ለገበያ የሚወጣው ደግሞ በድርጅቱ መለኪያ። ልዩነቱ አንዳንዴ ምንም ነው፣ አንዳንዴ ይሰማል።

ሌላው ቁጥሩ ነው። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አምስት አምስት ሆኖ ለሁለት የተከፈለ አሥር አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው። 48510 የፊት ቀኝ አሞርዛተር፣ 48520 የግራው። 17801 የአየር ፊልትሮ፣ 90915 የዘይት ፊልትሮ። ቀሪው አምስት ሞዴሉን ይለያል። ሊብሬያችሁ ላይ ባለው የሻንሲ ቁጥር ትክክለኛውን አስወጥታችሁ ከሄዳችሁ "ለቪትዝም ለያሪስም አንድ ነው" የሚል ወሬ አያታልላችሁም።

ፍሬን ላይ አልተደራደርኩም፣ የቶዮታ ሳጥን ገዛሁ። ስገዛት የነበረባት ስም የለሽ ሸራ ጠዋት ጠዋት ይጮህ ነበር፤ ቸርኬውንም ጥቁር በጥቁር ያደርገው ነበር። ጩኸቱን ብቻ ቢሆን እችለዋለሁ። እኔ ግን በዓመት ውስጥ ጎጃም እመላለሳለሁ። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ሸራው በማጣበቂያ ሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ዕቃ ነው። ከመጠን በላይ ሲግል ሙጫው ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መሃል ይገባል። እግራችሁ ስር ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መኪናው ግን አይዝም። በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ግዴታ ነው፣ ቢሆንም ሸራው ራሱ ሙቀት መቻል አለበት። አዲሱ ሸራ አባይን ወርዶ ወጥቷል፤ ሽታም ጩኸትም የለም፣ ዲስኩን አልቦረቦረም፣ ግራና ቀኙ እኩል እየተበላ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከሸራው ጀርባ የምትገባው ስስ ቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ አልነበረችም። ቶዮታ ለብቻዋ በ04945 ቁጥር ነው የሚሸጣት። የድሮዋ ደህና ከሆነች ታጥባ ትመለሳለች። መካኒኩ ከአሮጌው ሸራ ጋር እንዳይጥላት ቀድማችሁ ንገሩት። እሷ ከሌለች ስንት ብር የወጣበት ሸራም ይጮሃል።

አሞርዛተር ላይ ታሪኩ ይለያል። ለፊቱ ካያባ በራሱ ሳጥን ገዛሁ። የቶዮታውን ዋጋ ስጠይቅ ከእጥፍ በላይ ሆኖ አገኘሁት፣ ልዩነቱ አልተዋጠልኝም። ለኋላው በጀቱ ስላለቀ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ዋጋው ቀለል ያለ ነገር ተገጠመ። እኛ ሰፈር ኮብልስቶን ነው፣ እሱም ክረምት ሲመጣ ግማሹ ተነቅሎ ግማሹ ተኮፍሶ ይቀራል። የኋላው ክረምቱ ሳይወጣ ዘይት ማላብ ጀመረ። ጉድጓድ ስትመታ ከኋላዋ ሦስቴ ትነጥራለች። የፊቱ ካያባ ግን እስከዛሬ ደረቅ ነው፣ ጠብታ ዘይት የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ጠንከር ብሎብኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። የኋላውንም በካያባ አስቀየርኩ። የእጅ ዋጋው ለርካሹም ለውዱም ያው ነው። ሁለቴ ሲከፈል የርካሹ ዕቃ ወጪ ከካያባው በለጠ።

ጎሚኒውም እንደዚያው ነው። ዕቃው ትንሽ፣ ሥራው ብዙ። ብራቾው ወርዶ፣ አሮጌው ጎሚኒ በፕሬስ ተገፍቶ፣ አዲሱ ገብቶ፣ በመጨረሻ አላይመንት ይሠራል። ታይላንድ የተሠራ ጎሚኒ አስገባሁ። ከዕቃው ይልቅ ግን አገጣጠሙ ነው የሚወስነው። የብራቾው ብሎን መጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናዋ በጎማዋ ስትቆም ነው። በክሪክ ተንጠልጥላ እያለች ከጠበቀ ጎሚኒው ስትወርድ ተጠማዞ ይቀራል፤ ኦርጅናልም ቢሆን ቶሎ ይቀደዳል። "የዛሬ ዕቃ ዕድሜ የለውም" እየተባለ የሚጣለው ጎሚኒ ስንቱ እንዲህ ገብቶ ይሆን! የእኔው እስካሁን አልተሰነጠቀም። ጎማዎቹም እኩል እየተበሉ ነው።

በጣም የምፈራው ካንዴላ ነው። ርካሽና ስም የለሽ ካንዴላ ቢያንስ አይዋሽም። የዴንሶ ስም ለብሶ የሚሸጠው አስመሳይ ግን ሳጥኑም ጽሑፉም ከእውነተኛው ጋር ቁርጥ ነው። መለያው ጫፉ ላይ ነው። ኢሪዲየም ፓወር የሚባለው፣ ጫፉ ከኢሪዲየም ብረት የተሠራው የዴንሶ ካንዴላ የመሃል ዘንግ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ መርፌ ነው የሚመስለው። አንድ ሱቅ ውስጥ "ኢሪዲየም" ተብሎ የቀረበልኝ ዘንጉ ወፍራም ነበር፣ ነጭ ቀለም የተቀባ የሚመስል ነጥብ ጫፉ ላይ ተደርጎበታል። መልሼለት ወጣሁ። በመጨረሻ ተራውን የኒኬል ዴንሶ ገዛሁ። ለዚህች ሞተር ይበቃታል፣ የሚያስመስለውም ሰው ያን ያህል አይደክምበትም። ቶሎ ቶሎ መቀየሩ ግን አለ።

ፊልትሮ ላይ አልጨነቅም ነበር፣ የዘይቱ ግን አሳቤን አስቀየረኝ። ፊልትሮው ውስጥ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዝ የጎማ ቫልቭ አለ። ርካሹ ላይ ይህ ጎማ ደካማ ነው። ጠዋት ስትነሳ ለሰከንድ ያህል ቀጭ ቀጭ ትል የነበረችው የቶዮታው 90915 ከገባ ወዲህ ዝም ብላለች። የአየር ፊልትሮ ግን በልኩ ይግጠም እንጂ የትኛውም ይሆናል። በእኛ አቧራ ውዱን አቆይቶ ከመጠቀም ርካሹን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል።

የፊት መብራቱ ዴፖ ነው፣ የታይዋን። ውሃ አላስገባም፣ ከወዲያኛው ጋር ሲታይ ትንሽ ነጣ ይላል፣ በቃ። ስፖኪዮው ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ የተገዛ ልባሽ (ያገለገለ) ነው። የተሰረቀን የራስን ስፖኪዮ እዚያ መልሶ መግዛት የከተማችን የቆየ ቀልድ ነው፣ የእኔዋ ግን ቀለሟ ሌላ ስለነበር አስቀባኋት። ብረት፣ መስታወትና ፕላስቲክ ልባሽ መግዛት አይከፋኝም፤ እንዲያውም ልኩ ከአዲሱ ኮፒ የተሻለ ይገጥማል። ልባሽ ፍሬን፣ ልባሽ ጎማ ነክ ዕቃ ወይም ልባሽ ኩሽኔታ ግን በነፃም አልወስድ።

አሁን ተረኛዋ የውሃ ፓምፗ ናት። ከመዘውሩ ስር ነጣ ያለ የውሃ ምልክት አይቻለሁ። አይሲን በራሱ ሳጥን አግኝቼ ዋጋ ተስማምተናል። ቅዳሜ ሻንሲ ቁጥሬን ይዤ ሄጄ አመሳክራለሁ፣ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፈ እጽፋለሁ።