«አብሽር፣ ያው ነው» ብሎ የሸጠኝ የመኪና ኮርኒስ ጨርቅ

እጄ ላይ ያለው ኮላ ገና አልለቀቀም። ከደሴ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ባለቤቴ «ተረጋጋና ነገ ትጽፈዋለህ» አለችኝ። ነገ ከሆነ እንደማልጽፈው አውቃለሁ። ነገ «ለእግዜር ሰጠሁት» ብዬ እተወዋለሁ። ሰውየው ደግሞ ያንኑ ጨርቅ ለሌላ ሰው ይቆርጥለታል። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ እንደተናደድኩ ልንገራችሁ።

የመኪና ጌጣጌጥ ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ደጃቸው ላይ የመሪ ሽፋን ይንጠለጠላል፣ የእግር ምንጣፍ ይቆለላል። ገና ከመኪናህ ሳትወርድ «ምን ልስጥህ ወንድሜ?» ይሉሃል። የሱቁን ስም አልጠራም። ደሴ ውስጥ ነው፣ እሱ ይበቃል።

መኪናዬ የ2002 ሞዴል ጎልፍ ናት። የውስጥ ጣሪያዋ ጨርቅ፣ ኮርኒሱ ማለቴ ነው፣ ወርዶ ከተንጠለጠለ ዓመት አልፎታል። ይህ የብዙ አሮጌ መኪና በሽታ ነው። ጨርቁ ከጀርባው ስስ ስፖንጅ አለው። ስፖንጁ በሙቀትና በእርጥበት ያረጅና ዱቄት ይሆናል። ያኔ ጨርቁን የሚይዘው ነገር አይኖርም። ስፒል ወጋሁበት፣ ሁለት ሳምንት ይዞ መልሶ ወረደ። በመርፌ ኮላ ሰጥቼው ነበር፣ ከእሱም የተረፈኝ ነገር ቢኖር እድፍ ብቻ ነው።

እኔ ብቻ ብሆን እችለው ነበር። ግን እናቴን ለዓይኗ ክትትል ከኮምቦልቻ ደሴ አመላልሳታለሁ። ኋላ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጨርቁ ሻሿ ላይ ያርፋል። ነጠላዋ ላይ የሽሮ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ይራገፍባታል። እሷ ምንም አትልም። ወደ ደሴ የሚወስደውን አቀበት፣ ሐረጎን፣ ወጥተን እስክንጨርስ አንድ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ጨርቁን በመዳፏ ደግፋ ትሄዳለች። በመስታወት ባየኋት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ወንበር የሚያለብሱት ልጆች 15,000 ብር ጠየቁኝ። ራሴ ልሥራው አልኩ። ሥራው ትዕግሥት እንጂ ትልቅ ሙያ አይፈልግም። አንብቤ፣ ቪዲዮ አይቼ ነው የገባሁበት። ኮላውን እዚሁ ኮምቦልቻ ገዛሁ። ሙቀት የሚችል፣ የሚረጭ፣ ሁለት ቆርቆሮ፣ 2,800 ብር። ጨርቁ ግን እዚህ ስላልነበረ ሐሙስ ጠዋት ደሴ ወጣሁ።

ሰውየው ጎልማሳ ነው፣ ከእኔ አሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። «ጋሼ፣ ለኮርኒስ የሚሆን ጨርቅ አለዎት?» አልኩት። «ሞልቶ! ግባ የኔ ወንድም» አለኝ። ከባንኮኒው ሥር መዳፍ የሚያህል ግራጫ ቁራጭ አውጥቶ አቀበለኝ።

ቁራጩ እውነተኛው ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ትክክለኛው የኮርኒስ ጨርቅ ስፖንጁ በኮላ የተለጠፈ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ የስፖንጁን ፊት በእሳት ነበልባል ለብ ለብ አድርገው ያቀልጡትና ወዲያው ጨርቁን ይጫኑበታል። ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ልለያያቸው ብትል ስፖንጁ ይቦጨቃል እንጂ ከጨርቁ ሙልጭ ብሎ አይላቀቅም። ይህንን አውቄ ነው የሄድኩት። የቁራጩን ጠርዝ በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት። ስፖንጁ ተቆረሰ፣ ከጨርቁ ግን አልለቀቀም። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። መልሶ ተነፋ። ደስ አለኝ።

«ሜትሩ ስንት ነው?»

«1,800። ለአንተ ስል 1,700።»

ሁለት ሜትር ተኩል ተስማማን። 4,250 ብር። ያኔ ልጁን ጠራው። «ከዛኛው ሁለት ሜትር ተኩል ቁረጥለት» አለው።

ከዛኛው።

ይህችን ቃል ከሐሙስ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳላመጥኳት አልነግራችሁም። ሰምቻታለሁ። በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ልጁ ደግሞ ወዲያው አልሄደም። መጀመሪያ ቀና ብሎ ሰውየውን አየው። ከአሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት አይበልጥም። ዓይኑ ላይ ጥያቄ ነበር። ሰውየው በአገጩ ወደ ጓዳው ጠቆመው። ልጁ መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

«ከየትኛው ነው የሚቆርጠው?» አልኩ።

«አብሽር፣ ያው ነው። ጣቃው ከባድ ስለሆነ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው።» ከዚያም ወደ ደጅ ጮክ ብሎ «ለወንድሜ ሻይ!» አለ።

ሻዩ መጣ። እኔም ጠጣሁት። ከመጋረጃው ጀርባ መቀሱ ጨርቁን ሲበላ ይሰማኛል፤ ጭርር፣ ጭርር። ተነስቼ ሦስት እርምጃ ብራመድ አየው ነበር። ሦስት እርምጃ! አልተነሳሁም። ሻይ የጋበዘኝን ሰው አላመንኩህም ማለት ሆኖ ታየኝና አፈርኩ። «አብሽር» ያለኝን ሰው ጓዳው ገብቼ ልፈትሸው? እኛ ወሎዬዎች ይህን ቃል ለቅሶ ቤት እንለዋለን፣ ሕመምተኛ አልጋ ሥር እንለዋለን፣ የተቸገረን ሰው ትከሻ ይዘን እንለዋለን። አለሁልህ ማለት ነው። ለሁለት ሜትር ተኩል ጨርቅ የሚያወጣው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ልጁ ሲወጣ ጨርቁ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነበር። ፊቱ ወደ ውጭ፣ ስፖንጁ ወደ ውስጥ። በፌስታሉ ላይ ጨበጥ ጨበጥ አደረግኩት። ለስላሳ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ «ደረሰኝ ካልክ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል፣ ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። ተውኩት። በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ። አመስግኜው ወጣሁ። አመስግኜው!

ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ሠራሁ። የፀሐይ መከላከያዎቹን፣ የእጅ መያዣዎቹን፣ የውስጥ መብራቱን፣ የጎን ፕላስቲኮቹን በካቻቪቴ ፈታሁ። ቅርጽ የያዘውን ደረቅ ሰሌዳ፣ ካርቶን የምንለውን፣ እንዳይሰበር ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ለሁለት ይዘን በኋላ በር አወጣነው። አሮጌውን ጨርቅ ገፈፍኩ። የቀረውን የስፖንጅ ብናኝ በብሩሽ ጠረግኩ። ሦስት ሰዓት የፈጀብኝ ይሄ ነው፤ ብናኙ ትንሽ እንኳ ከቀረ አዲሱ ኮላ የሚይዘው ካርቶኑን ሳይሆን አቧራውን ነው። ከዚያ ኮላውን ካርቶኑም ላይ ስፖንጁም ላይ ረጨሁ። ጣት ሲነካው ሳብ እያደረገ ግን እጅ ላይ እስከማይቀር ጠበቅኩ። ግማሹን አጥፌ፣ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፌ እያባበልኩ ለጠፍኩት። አንድ ሽብሽብ አልነበረበትም። እሑድ ማታ ባለቤቴ መብራት አብርታ አየችው። «ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል» አለች።

ማክሰኞ መኪናዋን ሥራ ቦታዬ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ አቁሜ ገባሁ። ፀሐይ ላይ በሯ ተዘግቶ የቆመች መኪና ጣሪያዋ ሥር ያለው ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው ሙቀት የሚችል ኮላ የገዛሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ጨርቁ ከመሃል ተነፍቶ ወርዶ የወንበሩን ራስ ነክቷል።

መጀመሪያ ራሴን ነው የወቀስኩት። ኮላ አሳንሼ ይሆናል አልኩ። ከዳር ገለጥ አድርጌ እጄን አስገባሁ። ስፖንጁ ካርቶኑ ላይ ነው። ንቅንቅ አላለም። በጥፍሬ ብፍቀው እምቢ አለኝ። የእኔ ኮላ ይዟል። የለቀቀው ጨርቁ ከስፖንጁ ነው። ስልኬን አብርቼ ጠጋ ብዬ አየሁት። ስፖንጁ ፊት ላይ ቢጫ የኮላ ጠብታዎች፣ በየአራት ጣቱ አንድ አንድ፣ በመስመር ተደርድረዋል። ተራ ጨርቅ ከስስ የፍራሽ ስፖንጅ ጋር በእጅ ጠብ ጠብ አድርጎ ያጣበቀው ሰው አለ። ያ ጠብታ ነው ፀሐይ ሲያየው የቀለጠው። «ዛኛው» ይሄ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጨርቁን፣ ከነጠብታው የገነጠልኩትን የስፖንጅ ቁራጭም ይዤ ወጣሁ። አልተሳደብኩም፣ አልጮህኩም። ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ «ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝ» አልኩ። አላየውም። ስልኩን እየነካካ «የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም» አለ። ጠብታዎቹን አሳየሁት። «አንተ ነህ ያልቻልክበት። የባለሙያ ሥራ ለምን ትነካለህ?» አለኝ። ሱቁ ውስጥ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሳቁ። አንደኛው «ዩቲዩብ ሜካኒክ» አለ። ኮላዬ እንደያዘ፣ የለቀቀው እሱ የሸጠው ጨርቅ እንደሆነ ላስረዳ ስሞክር «እንግዲህ የኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ እዚህ ብትሆን አይወርድም ነበር» አለኝ።

እውነት ነው፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። 25 ኪሎ ሜትር ወርደህ ሌላ አየር ነው የምታገኘው። ግን የመኪና ጨርቅ የሚሸጥ ሰው መኪና ሐረጎን እንደሚወርድ አያውቅም?

ያ መዳፍ የሚያህል ናሙና እዚያው ባንኮኒ ላይ ነበር። «እሺ፣ ይሄንን እና ያንን አብረን እንፈቅፍቃቸው» ብዬ እጄን ስዘረጋ ናሙናውን አነሳና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቆለፈው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። መቀስ የያዘው ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። እሱ አልሳቀም።

እኔ ጨርቁን ስሰበስብ አንዲት እናት ገቡ። የመኪና ወንበር ልብስ ነው የፈለጉት። ሰውየው ፊቱ በአንዴ በራ። «ይግቡ እናቴ፣ አብሽሩ፣ ሁሉም አለ» አላቸው። እኔ በሩ ላይ ነኝ። «እማማ፣ ሲቆረጥ በዓይንዎ ይዩ» ማለት ብቻ ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር። ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ከ4,250 ብሩም ከሳቁም በላይ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ዝም ማለቴ። እዚህ የምጽፈውም ለእሳቸው ያላልኩትን ነው።

ጨርቅ የምትገዙ ካላችሁ ከናሙና አትግዙ። ጣቃው ይውጣ፣ ፊታችሁ ይቆረጥ፣ ከተቆረጠው ላይ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፈቅፍቁት። ስፖንጁ ሙልጭ ብሎ ከለቀቀ ጥላችሁ ውጡ። ቫቱንም ክፈሉና ደረሰኝ ያዙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል፣ ነገር ግን ደረሰኝ የሌለው ሰው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ምን ይዞ እንደሚናገር አላውቅም። እኔ የያዝኩት ፌስታል ነው። የሚሠራው ሰው ካለ ኮላ የምትረጩት በር ተከፍቶ፣ ከእሳት ርቃችሁ ይሁን፤ ሽታው ራስ ያዞራል።

ሰኞ የእናቴ ቀጠሮ ነው። ትናንት ማታ ከካርቶኑ ላይ ስፖንጁን ፍቄ አወረድኩና ራቁቱን መልሼ ገጠምኩት። ቡናማ ነው፣ የኮላ ጠባሳ አለበት፣ አያምርም። ሐረጎን ስንወጣ ግን እጇን አታነሳም።