ካሜራው ያያል፣ የት እንዳየ ግን አያውቅም፦ ዘጠኝ ወር ከሐዲድ መፈተሻዬ ጋር

ሰኔ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከሜክሲኮ ብዙም ሳይርቅ፣ ባትሪ ግንባራችን ላይ አስረን፣ ሐዲድ ላይ አጎንብሰን አንድ የተሰበረ ክሊፕ እንፈልጋለን። ክሊፕ ማለት ሐዲዱን ከስሊፐሩ፣ ማለትም ከሐዲዱ ስር ከተጋደመው ኮንክሪት ጋር ጨምድዶ የሚይዘው የታጠፈ ብረት ነው። መሰበሩን እናውቃለን። ፎቶው ላፕቶፔ ላይ አለ። አንዱ እግሩ ከመታጠፊያው ተቆርጧል። ስሊፐሩ ላይ ቡናማ የዝገት ውሃ ወርዶ ደርቋል። ከፎቶው ስር ቁጥር ተጽፏል፦ 1,214 ሜትር። ከ1,200 ሜትሩ ምልክት ተነስተን 14 ሜትር ለክተናል። ቦታው ላይ ቆመናል። እዚያ ያሉት ክሊፖች ግን ሁሉም ደህና ናቸው።

ይህን ፎቶ ስላነሳው የሐዲድ መፈተሻ ካሜራ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ጥሩ ነው ወይ? ገንዘቡን ያወጣል ወይ? እኔም በደንብ ሳልሠራበት አልናገርም እያልኩ ቆየሁ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሥራዬ የሐዲድ ፍተሻ ነው። ለገሃር አካባቢ ትንሽ ቢሮ አለችኝ። አራት ሰዎች ነን። ባቡሩ ማታ ሥራውን ጨርሶ ሲገባ እኛ እንወጣለን። በፊት በእግር ነበር። ጥቅምት ላይ ግን ያጠራቀምኩትን ይዤ፣ የተረፈውን ተበድሬ፣ አንድ ሚኒባስ በሚገዛ ብር ይህን ካሜራ ገዛሁ። በሞተር ጋሪ ላይ ይታሰራል። አራት ካሜራ አለው፣ ለእያንዳንዱ ሐዲድ ግራና ቀኝ። እየሄደ ያነሳል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ የጎደለና የተሰበረ ነገር ይለያል።

ለምን እንደገዛሁ ልንገራችሁ። ስሊፐሮች በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተደረደሩ አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,660 በላይ ይሆናሉ። እያንዳንዱ አራት ክሊፕ ቢይዝ፣ በኪሎ ሜትር ከ6,600 በላይ ክሊፕ ነው። ይህን ሁሉ በሌሊት በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ የሚያይ ሰው ዓይኑ ይደክማል። ሺኛው ላይ ሲደርስ እያየም አያይም። የመሃል ከተማ ሥራ ደግሞ ፋታ የለውም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጀምሮ ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ሌላው ቦታ ላይ የአንድ መስመር ባቡር የሚረግጠውን ብረት እዚህ የሰማያዊውም የአረንጓዴውም መስመር ባቡሮች ይረግጡታል። እንዲህ ያለ ቦታ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት።

የምስሉ ጥራት ጥሩ ነው። ባትሪው ሌሊቱን ይዘልቃል። ሪፖርቱም ንጹህ ነው። ስለ እነዚህ ሌላ የምለው የለኝም። ቅጠል ወይ የውሃ ፕላስቲክ ክሊፑን ከሸፈነው «ክሊፕ የለም» ይላል፣ ግን ፎቶውን ከፍቶ ማየት ነው፣ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ካሜራ ከላይ ያለውን እንጂ ሐዲዱ ውስጥ ያለውን ስንጥቅ እንደማያይም ስገዛ አውቃለሁ። ለዚያ የአልትራሳውንድ ፍተሻ አለ።

ችግሩ ሌላ ነው። እሱን ለማስረዳት ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልበል።

ይህ ካሜራ እንደ ስልካችን ሙሉ ምስል በአንዴ አያነሳም። ፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ያለውን መብራት አስቡ። አንዲት ቀጭን መስመር ያነሳል፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። መስመሮቹን ሲደረድራቸው እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ ረጅም ምስል ይሆናሉ። ጋሪያችን በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 5 ሜትር ይጓዛል። በየሚሊ ሜትሩ አንድ መስመር ለማንሳት በሰከንድ 5,000 መስመር ያስፈልጋል። «አሁን አንሳ፣ አሁን አንሳ» እያለ የሚያዘው ማነው? ሐዲዱ ላይ የምትንከባለል አንዲት ትንሽ ጎማ ናት። ዙሯን ትቆጥራለች፣ ከዙሩ ርቀት ይሰላል። ፎቶው ስር የሚጻፈው ሜትርም ከእሷ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ጎማዋ ስትገዛ ስፋቷ በመሃሏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 200 ሚሊ ሜትር ነበር። ከዚያች ሌሊት ማግስት በካሊፐር ስለካት 199 ሆናለች። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ! ማን ልብ ይለዋል? ግን አንድ ሚሊ ሜትር ከ200 ውስጥ ግማሽ ፐርሰንት ነው። ጎማ ሲያንስ ለዚያው መንገድ ብዙ ዙር ይዞራል። ማሽኑ ደግሞ ማነሱን አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ጨምሮ ይቆጥራል። የኛ ክሊፕ ትክክለኛ ቦታው 1,208 ሜትር ላይ ነበር። እኛ 1,214 ላይ ቆመን ነበር። ስድስት ሜትር፣ አሥር ስሊፐር።

አሥር ስሊፐር ምን አላት ትሉ ይሆናል። ቀን ቢሆን፣ ጊዜ ቢኖር፣ ምንም አይደለም። እኛ ያለን ግን ጠባብ የሌሊት ሰዓት ነው። የጥገና ሠራተኞች መፍቻ ይዘው ቆመው ይጠብቁሃል። ስሊፐር ከስሊፐር አይለይም። ወደፊት ልሂድ ወይስ ወደኋላ? የግራው ነው ወይስ የቀኙ? አርባ ደቂቃ ፈለግን።

ያገኙት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምላቸው አብረውን የሚሠሩትን አዛውንት ነው። ልጅ እያሉ ለገሃር ገብተው፣ በአሮጌው የጅቡቲ መስመር ላይ ሐዲድ እየተራመዱ ያደጉ ሰው ናቸው። ረጅም እጀታ ያላት መዶሻ አለቻቸው። ክሊፕ በክሊፕ ቀስ እያሉ ነካ ነካ ያደርጋሉ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ወደኋላ እየሄዱ እያንኳኩ አንዱ ጋ ሲደርሱ ድምፁ ታፈነ። ጎንበስ አሉ። «እነሆ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ካሜራህ ጎበዝ ነው። አድራሻ ግን አያውቅም» አሉኝ።

ክሊፑ እዚያው ሌሊት ተቀየረ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሻጩ አሁን ይህን ቢያነብ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ ጎማውን በየጊዜው እየለካህ ቁጥሩን አስተካክል፣ መመሪያው ላይ አለ» ይለኛል። እሺ። አስተካከልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ዘነበ። ሐዲድ ሲረጥብ ጎማዋ መዞር ትታ ትንሸራተታለች። ስትንሸራተት ደግሞ አሳንሳ ትቆጥራለች። በደረቅ ሌሊት ቁጥሩ ይጨምራል፣ በዝናብ ይቀንሳል። ታዲያ የትኛውን ቁጥር ነው የማስተካክለው? የአዲስ አበባ ክረምት ሰኔ ገብቶ እስከ መስከረም ነው። የዓመቱን ሲሶ ምን ልሁን?

«ጂፒኤስ አለው» ይለኛል ቀጥሎ። አለው፣ አየሁት። ተራ ጂፒኤስ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ በጥቂት ሜትር ይስታል። እኛ የምንሠራው ሰንጋ ተራና ለገሃር አካባቢ ነው። ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ያለበት ሰፈር ነው። ሲግናሉ ከሕንፃ ሕንፃ እየነጠረ ይመጣል። የመሄጃውና የመመለሻው ሐዲድ ጎን ለጎን ናቸው። አንዳንዴ የሄድንበትን ትቶ ማዶ ያለው ላይ ያስቀምጠናል። ይህን ይዤ ክሊፕ ልፈልግ?

«ይህ እኮ ሌላም አገር ያለ ቴክኖሎጂ ነው» ይላል መቼም። ሲሸጥልኝ የጃፓኑን ቢጫ ባቡር ቪዲዮ ነበር ያሳየኝ። ዶክተር ዬሎ ይሉታል። በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር እየበረረ የሺንካንሰንን መስመር ይፈትሽ የነበረ ባቡር ነው። እሱን ያየ ሰው ልቡ ይነሳሳል፣ የኔም ተነሳስቷል። ነገር ግን እኔ የገዛሁት ያንን ባቡር አይደለም። በጋሪ ላይ የሚታሰር ዕቃ ነው የገዛሁት። ስለ ዕቃው ቢነግረኝ ነበር ደስ የሚለኝ። «በዝናብ ቦታው ይዛባል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትነገረኝ ከመጀመሪያው እንዘጋጅ ነበር።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝን ልንገራችሁ። መፍትሔው ዕቃው ውስጥ ነበር። ካሜራው እያንዳንዱን ስሊፐር ያያል። ክሊፑን ለይቶ ያውቃል። ክሊፑን የሚያጠብቀውን ብሎን ያውቃል። ስሊፐሮቹን መቁጠር ግን ማንም አላስተማረውም! ስሊፐር አይንሸራተትም። ዝናብ ቢዘንብ አያንስም፣ ፀሐይ ቢወጣ አይበዛም። ሰው ቦታውን ሄዶ የሚያገኘውም በእሱ ነው። ይህን የሠሩት ሰዎች ሌሊት መፍቻ ይዞ ከሚቆም ሠራተኛ ጋር አንድ ቀን ቢያድሩ ኖሮ ይገባቸው ነበር።

ሐሳቡ የጋሼ ነው። ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ስለ ድሮው መስመር አወሩኝ። ያኔ ርቀቱ የሚቆጠረው ከጅቡቲ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። «ሐዲድ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ስሙ ቁጥሩ ነው» አሉ። «ከኪሎ ሜትር ድንጋዩ ተነስተህ ስንተኛው ላይ እንደሆነ ትናገራለህ። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ጨለማ ውስጥ በእጁ ዳብሶ ያገኘዋል።»

ደንበኛችንን አስፈቀድን። በየ100 ሜትሩ፣ ከምልክቱ አጠገብ ያለውን ስሊፐር ጫፍ ነጭ ቀለም ቀባን። አንድ ቆርቆሮ ቀለምና ሁለት ብሩሽ ነው የፈጀው። ካሜራው ወደ ታች ስለሚያይ የመንገድ ዳር ምልክት አይታየውም፣ ነጩ ቀለም ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣለታል። አብሮን የሚሠራው ወጣት ደግሞ ከምስሎቹ ላይ ስሊፐር የሚቆጥር አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ሦስት ቀን ፈጀበት። አሁን ሪፖርታችን «1,214 ሜትር» አይልም። «ከ12ኛው ነጭ ቀጥሎ 14ኛው ስሊፐር፣ ግራ ሐዲድ፣ የውስጥ ክሊፕ» ይላል። ጎማዋ ብታልቅም ብትንሸራተትም ግድ የለንም። የጥገና ልጆች ቆጥረው ይሄዳሉ፣ ያገኙታል። ሐምሌን ሙሉ በዝናብ ሠርተን አንድም ቀን አልሳትንም።

ልግዛ ወይ ለሚለኝ እንግዲህ መልሴ ይኸው። የቆጣሪ ጎማዋን ብቻ አምኖ ለሚሠራ ሰው አልመክርም። ብሩም የሌሊቱ ሰዓትም ይባክናል። አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅና ሐዲድ የሚያውቅ አዛውንት ካለህ ግን ግዛ። እኔ አልሸጠውም። ሰኔ ላይ ብትጠይቁኝ ኖሮ በግማሽ ዋጋ እሰጣችሁ ነበር።

ለምን እንዳልሸጥኩት አንድ ነገር ልጨምር። አድራሻው ሲስተካከል ያላሰብነው ነገር መጣ። የድሮዎቹን ምስሎች ወጣቱ እንደገና አስቆጠራቸው። ነጭ ቀለም ባይኖራቸውም፣ ቦታቸው የታወቀ መጋጠሚያዎችን መነሻ አድርጎ ቆጠረ። አሁን የጥቅምትን ክሊፕና የሐምሌን ክሊፕ፣ ያንኑ አንዱን ክሊፕ፣ ጎን ለጎን ማየት እንችላለን። በእግር ስንፈትሽ ይህ አልነበረም። ባለፈው ወር የነበረውን በትክክል የሚያስታውስ ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼን አጠገቤ አስቀምጬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ከ7ኛው ነጭ ቀጥሎ 52ኛው ስሊፐር፣ ቀኝ ሐዲድ። ማሽኑ ሁለቱንም ፎቶዎች «ደህና» ብሏቸዋል። ጋሼ ብዙ አዩ። አንዴ ወደ ግራው፣ አንዴ ወደ ቀኙ። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ብሎኑ ጋ አሳረፉ። በጥቅምቱ ፎቶ የብሎኑ ማዕዘን ወደ ሐዲዱ ያመለክታል። በሐምሌው ወደ ጎን ዞሯል።

«ይሄ እየተፈታ ነው» አሉ።

ሌሊት ሄድን። 52 ቆጠርን። ጋሼ መፍቻውን አስገብተው ሲይዙት ሩብ ዙር ያህል ሄደላቸው።