ቲ-ሞባይል ፓርክ በመስከረም፦ ከላይኛው ወንበር የተጻፈ ግምገማ

አንድን የቤዝቦል ስታዲየም በትክክል መመዘን የሚቻለው ውድድሩ ገና በተጀመረበት በሚያዝያ ሳይሆን፣ እያንዳንዷ ውርወራ ልብ በምትሰቅልበት በመስከረም ነው ብዬ አምናለሁ። በዚሁ እምነት ማክሰኞ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ይዤ፣ ሲያትል ሜሪነርስ ኮሎራዶ ሮኪስን ሲገጥም ለማየት ወደ ቲ-ሞባይል ፓርክ ሄድሁ። ሜሪነርስ ያን ምሽት ካሸነፈ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ሻምፒዮኑ ወደሚለይበት የማጣሪያ ውድድር፣ መግባቱ ይረጋገጣል።

ስለ ቡድኑ ጥቂት ሳልናገር ስለ ስታዲየሙ ብጽፍ ደስታዬን የሚረዳልኝ አይኖርም። ሜሪነርስ እ.ኤ.አ. በ1977 መጫወት ከጀመረ ወዲህ ለወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም ለሻምፒዮናው የፍጻሜ ግጥሚያ፣ ደርሶ አያውቅም፤ ከሊጉ ሠላሳ ቡድኖች መካከል ይህ ዕጣ የወደቀበት እሱ ብቻ ነው። በ2001 በመደበኛው ውድድር 116 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉን ክብረ ወሰን ቢጋራም፣ ከዚያ በኋላ እስከ 2022 ድረስ ፕሌይኦፍ የሚባል ነገር አላየም። ጨዋታውን የተማርሁት አየር ማረፊያ ተሰልፌ ተሳፋሪ ስጠብቅ በታክሲዬ ሬዲዮ ነው፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 የቡድናችን ተጫዋች ካል ራሌይ በዘጠነኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ኳሷን ከአጥር አሻግሮ በመታት ሆም ረን ያ ረጅም ጥበቃ ሲያበቃ፣ ሰልፉ መንቀሳቀሱን ረስቼ ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩምባ እየነፋ አነቃኝ።

ለዚህ ዓይነቱ ደጋፊ የላይኛውን ፎቅ ወንበር እመክራለሁ። ዋጋው ከታችኛው በብዙ ያንሳል፤ ተጫዋቾቹ ቢያንሱብንም ሜዳው ሙሉ በሙሉ ስለሚታይ፣ ኳሷ ከተመታች በኋላ ማን ወዴት እንደሚሮጥ በአንድ ዓይን መከታተል ይቻላል። እንደኔ ጨዋታውን በጆሮው ለተማረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የመሀል ከተማው ሕንፃዎችና የኤልየት ባሕረ ሰላጤ ከሩቅ ይታያሉ፤ አጠገቡ ባለው ሐዲድ የሚያልፉት የጭነት ባቡሮች ድምፅም አልፎ አልፎ ከሕዝቡ ጩኸት ጋር ይቀላቀላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው ይህ ስታዲየም ተንሸራታች ጣሪያ አለው፤ ሆኖም ጣሪያው እንደ ዣንጥላ ከላይ የሚከልል እንጂ ዙሪያውን የሚዘጋ ስላልሆነ፣ ዝናቡን ቢያስቀርም የመስከረምን የምሽት ንፋስ አያስቀርም። ጋቢ ይዞ የመጣ ሰው አይሳሳትም።

በዚህ ወቅት ደጋፊው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንዲት ቁጥር ነው። ከ163 ላይ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታዎች በአንድ ከሚበልጠው ቁጥር ላይ፣ የምድቡ መሪ ቡድን ድሎችና የተከታዩ ሽንፈቶች ይቀነሳሉ፤ የሚቀረው ቁጥር ዜሮ ሲሆን ተከታዩ መሪውን ሊደርስበት አይችልም። ስለዚህ ሰው አንድ ዓይኑን ሜዳው ላይ፣ ሌላውን የተከታያችን የሂዩስተን ውጤት በሚታይበት ስልክ ላይ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ቡድናችን በእንቁጣጣሽ ሰሞን አሥር ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ፣ ኋላም ሂዩስተንን በገዛ ሜዳው ሦስት ጊዜ ረትቶ ስለተመለሰ፣ ልጄ ቁጥሯን ከትምህርት ቤት የሒሳብ ፈተናዋ ይልቅ በጥንቃቄ ስትቀንስ ከርማለች።

ሮኪስ በዚያ የውድድር ዓመት ከመቶ በላይ ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ስለነበረ ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ ግን ሮኪስ እየመራን ከኋላ ሆነን ቆየን፤ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ አንገታቸውን ደፍተው ኦቾሎኒ ይፈለፍሉ ነበር። ከዚያ ሦስቱም ቤዞች (ሯጮች የሚቆሙባቸው ማዕዘኖች) በእኛ ሯጮች ተይዘው ሳለ የእኛው ጆሽ ኔይለር መታት፤ ሦስቱም ሯጮች ገብተው ነጥብ አስቆጠሩ፤ 4 ለ 3 መራን። ልጄ «አባዬ፣ አትቀመጥ!» እያለች እጄን ስትጎትት፣ አዛውንቱ ኦቾሎኒያቸውን ከነከረጢቱ መሬት ላይ በትነው አቀፉኝ። የረቡዑን ትኬት አለመግዛቴ ግን ይቆጨኛል፤ ቡድኑ ከ2001 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምድቡ አሸናፊ የሆነውም፣ ራሌይ በአንድ የውድድር ዓመት 60 ሆም ረን በመምታት በታሪክ ሰባተኛው ሰው የሆነውም በማግሥቱ ነውና።

ምግቡን በተመለከተ፣ በነጭ ሽንኩርት የተለወሰው የድንች ጥብስ መልካም ነው፤ ስታዲየሙን ዝነኛ ያደረገውን የተጠበሰ ፌንጣ ግን ልጄ ስትቀምሰው እኔ በማየት ብቻ ተወሰንሁ። ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ስለሚፈቀድ እኛ ቆሎ ይዘን ነበር፤ በውርወራና በውርወራ መካከል ላለው ረጅም ጊዜ ከቆሎ የተሻለ አላገኘሁም። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰውም ይህ ፈቃድ ቀላል ነገር አይደለም። ያላስደሰተኝ የትኬቱ ነገር ነው። ትኬቶችን መልሶ የሚሸጥ አንድ ድርጅት መጀመሪያ ያሳየኝ ዋጋ ሌላ፣ ክፍያ ላይ ስደርስ የጠየቀኝ ሌላ ሆኖ አገኘሁት፤ የአገልግሎት የተባለው ጭማሪ ብቻ የአንድ ሰው እራት ያበላል። ፕሌይኦፉ ሲጀመር ዋጋው ሽቅብ እንደሚሄድ የታወቀ ነውና፣ መሄድ የሚፈልግ ሰው የመጨረሻውን ድምር ሳያይ ባይቸኩል ይሻላል።

መኪናዬን ለሥራ እንጂ ለስታዲየም ማቆሚያ አላወጣትም። በሬይነር ሸለቆ ለምንኖር ሰዎች ከኦቴሎ ወይም ከኮሎምቢያ ሲቲ የሚነሳው ቀላል ባቡር በሦስት ዶላር ስታዲየሙ አጠገብ ያደርሳል። በመልስ ጉዞ ግን ስታዲየም በሚባለው ጣቢያ ከሕዝቡ ጋር ከመጋፋት ጥቂት ደቂቃ ወደ ሰሜን በእግር ተጉዞ ከኢንተርናሽናል ዲስትሪክት ጣቢያ መሳፈር ይበጃል፤ ወደ ደቡብ የሚሄደው ባቡር አስቀድሞ እዚያ ስለሚቆም መቀመጫ ይገኛል። እኛም እንዲሁ አድርገን ተቀመጥን፤ ከአንድ ጣቢያ በኋላ በሮቹ ሲከፈቱ፣ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸ ሰማያዊ ለባሽ ሕዝብ እየዘፈነ ገባብን።