አሮጌው ዳይናኮ ወይስ አዲሱ? ሁለት የቲዩብ አምፕሊፋየር ይዤ የከረምኩበት ነገር

ሳሎናችን ውስጥ ሁለት የቲዩብ አምፕሊፋየር፣ ማለትም የሙዚቃውን ድምፅ አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቲዩቦች የሚያጎላ ማሽን አለ። ባለቤቴ «አንዱ አይበቃም?» ማለቷን ከተወች ቆየች፤ ተስፋ ቆርጣ ይመስለኛል። አንደኛው ዳይናኮ ስቴሪዮ 70 ነው፤ በፈረንጆቹ 1959 የወጣና ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው ዕቃው በካርቶን፣ በ100 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረ። ሌላው ቻይና የተሠራ፣ ዋስትና ያለው አዲስ ዕቃ። አሮጌውን 14 ወር፣ አዲሱን 6 ወር ሠርቼባቸዋለሁ። ሁለቱም ኢኤል34 ቲዩብ ይወስዳሉ፤ ጉልበታቸውም 35 እና 40 ዋት ነው።

ዳይናኮውን እዚሁ ሜሪላንድ ከአንድ ሰው ቤት ነው የገዛሁት። «ታድሷል» አለኝ። የታደሰው ለካ አቧራው ነው። ሦስት ሳምንት ደህና ከዘፈነ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ ከአራቱ ቲዩቦች የአንዱ ሆድ እንደ ከሰል ፍም ቀላ። ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩት። ገልብጬ ስከፍተው በፊቱ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) አርጅቶ፣ ማሳለፍ የሌለበትን ዲሲ (አቅጣጫ የማይቀይር ኤሌክትሪክ) ወደ ቲዩቡ እያሳለፈ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቴስተርና ስታኞ ከጠረጴዛዬ አልጠፉም። ካፓሲተሮቹን በሙሉ ቀየርኩ፤ የሴሌኒየሙንም ሬክቲፋየር (ኤሌክትሪኩን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን አሮጌ ዕቃ) አውጥቼ ተራ ዳዮድ አስገባሁ። ወጪው የግዢውን ግማሽ በላ። ያልነካኋቸው ሦስቱን ትራንስፎርመሮች ብቻ ነው፤ አሮጌ አምፕሊፋየር ስትገዙም ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ለእነሱ ነው፣ ሌላው ሁሉ የሚጣል ዕቃ ነው። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ እንደሚዞር አትርሱ፤ ሶኬቱ ተነቅሎም ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ኤሌክትሮኒክስ የማታውቁ ለባለሙያ ስጡት።

አዲሱን ማብራት ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። ባያሱን፣ ማለትም በቲዩቦቹ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ ራሱ ያስተካክላል። በዳይናኮው ግን በየወሩ ቴስተር ሰክቼ በየጎኑ 1.56 ቮልት እስኪመጣ ጠመዝማዛውን አዞራለሁ። 7199 የሚባሉት ትንንሾቹ ቲዩቦችም ራስ ምታት ናቸው፣ እንደ ኢኤል34 በየቦታው አይገኙም። ኢኤል34ም ቢሆን በ2022 የሩሲያው አቅርቦት ሲናጋ ዋጋው አሻቅቦ ነበር፤ ይሄኛው ችግር አዲስና አሮጌ አይለይም።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ አክስቴ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣችልኝ 40 የሚሆኑ ትንንሽ ሸክላዎች አሉኝ፤ አምሃ ሪከርድስ፣ ፊሊፕስ፣ ካይፋ የተባሉ አሳታሚዎች ያወጧቸው። ብዙዎቹ በየግብዣው ተደንሶባቸው መርፌ የፋቃቸው ናቸው። አዲሱ ባሱ ጠንካራ ነው፣ ሙዚቃው ሳይጀመር ያለው ዝምታም ያስደንቃል፤ ግን ጭረቱን ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥርልሃል። ዳይናኮው ባሱ ላላ ይላል፤ ዘፋኙና ሳክስፎኑ ግን ወደ ፊት ይመጣሉ። ሸክላው አዲስ ሲሆን አዲሱን እመርጣለሁ፣ የተፋቀ ሲሆን አሮጌውን።

ይህን ሁሉ ወጪ አውጥቼ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን አንዲት ቁልፍ ናት። ሁለቱም አምፕሊፋየሮች የሸክላ መግቢያ ስለሌላቸው የተለየ ፕሪአምፕ (የሸክላውን ደካማ ድምፅ አስቀድሞ የሚያጎላ ዕቃ) ገዝቼ ነበር፤ እሱ ላይ የሞኖ ቁልፍ አለ። የኔ ሸክላዎች አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው፣ ማለትም በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት። ቁልፏን ስጫን የጭረቱ ድምፅ ጉልህ ሆኖ ቀነሰ፤ መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘል የሚፈጠረው ጫጫታ ሁለቱ ቻናሎች (ግራና ቀኙ) ሲደመሩ ይጠፋፋል። በሁለቱ አምፕሊፋየሮች መካከል ያለው ልዩነት እዚህ አይደርስም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሁለተኛውን አልገዛም ነበር፤ ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ።

አዲስ አበባ ይዞ ለመግባት የሚያስብ ካለ፣ እዚህ የሚገኘው ዳይናኮ የ120 ቮልት ነው፣ 220 ላይ ከሰካችሁት አለቀለት፤ ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ለብቻው ትሸከማላችሁ። አዲሱን ግን ስታዙ 230 ብላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ።

አሮጌ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ አብርቶ እንዲያሰማችሁ ብቻ አትጠይቁ። አጥፍቶ፣ ገልብጦ፣ የታችኛውን ክዳን ይፍታላችሁ። አይፈታም ካለ ተመለሱ።