ኮስቲክ ውስጥ ዘፍዝፌ ያበላሸኋትን ሞተሬን ላስነሱልኝ ጋሼ

የሐዋሳ ሞተረኞች፣ ሰላም ናችሁ? ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። በዚያውም ሞተር ያላችሁ ሁሉ እሳቸው ጋ እንድትሄዱ ልጠቁማችሁ ብዬ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። «ስልክ ከበዛብኝ ሥራ አልሠራም» አሉኝ። ስለዚህ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ግን ጥፋቴን ልናዘዝ።

አምና ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ያማሃ ዲቲ 125 የምትባል ሞተር ሳይክል ገዛሁ። አሮጌ ናት፣ የገጠር መንገድ የጠጣት። ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው። ችግሯ ቀለሟ ነበር። አንድ ሰው በቤት ብሩሽ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ደጋግሞ ለቅልቆባታል። አንዳንድ ቦታ እንደ ጣት ወፍሮ ተንጠባጥቦ ደርቋል። ቀለም ቀቢው ጋ ስወስዳት «ቀለሙን ራስህ አስለቅቀህ ካመጣህ ዋጋው ይቀንስልሃል» አለኝ። ይሄኔ ነው ጉዴ የጀመረው። ዩቲዩብ ላይ ሰዎች የወጥ ቤት ማጽጃ እየተጠቀሙ የሞተር ዕቃ ሲያብረቀርቁ አየሁ። ሰው ከሠራው እኔን ምን አቃተኝ?

እኛ ቤት ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ አይጠፋም። እማዬ ሳሙና ትሠራለች። እሁድ ጠዋት ገብርኤል እንደሄደች ትልቁን ሳፋ አወጣሁ። ውሃ ሞላሁ፣ ኮስቲኩን ጨመርኩ፣ ከዚያ ያገኘሁትን ሁሉ ከተትኩ። የእግር መርገጫ፣ ማቆሚያ፣ የካቴና ሽፋን፣ የሞተሩን የጎን ክዳን ሳይቀር። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሳፋው መንተክተክ ጀመረ። እሳት የለ፣ ምን የለ፣ ልክ እንደ ሽሮ! «እየሠራ ነው» ብዬ ደስ አለኝ። ለካ የሚንተከተከው ቀለሙ አይደለም፣ ክዳኑ ነው። ስናወጣው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ላዩም ሻክሯል።

ስናወጣው ያልኩት እማዬ ደርሳ ስለነበር ነው። ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ይህ አልበቃኝም። ካርቡራተሩን ፈትቼ በረኪና ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ነጭ ቅርፊት ወርሶታል። ቅርፊቱን ላስለቅቅ ብዬ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ደፋሁበት። በረኪናው ግን አልታጠበም ነበር። የወጣው ሽታ ጉሮሮዬን አንቆ ያዘኝ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ ከቤት ሮጬ ወጣሁ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ብሆን ኖሮ ይህን ጽሁፍ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። እባካችሁ፣ ሞተር የሌላችሁም ብትሆኑ፣ እነዚህን ሁለቱን በፍጹም አታገናኙ።

የተበላሸውን በፌስታል ይዤ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። «ክዳኑም ካርቡራተሩም ይቀየር» አሉኝ። የጠሩልኝ ዋጋ ሞተሯን ከገዛሁበት ግማሹን ይሆናል። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ነው የሰፈር ባጃጅ ነጂ «ታቦር ተራራ ግርጌ ያሉትን ሽማግሌ ሞክራቸው» ያለኝ።

ታፔላ የላቸውም። ቆርቆሮ ሼድ ናት፣ ደጇ ላይ ሁለት ሦስት ሞተር የማይጠፋ። ፌስታሉን ከፈቱ። ካርቡራተሩን አፍንጫቸው ላይ አስጠጉና «በረኪና?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ክዳኑስ? ኮስቲክ?»

«አዎ።»

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። «እጅህን አምጣ እስቲ» አሉና አገላብጠው አዩት። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ። በወጣትነታቸው ኮስቲክ ላይ ውሃ ጨምረው ፈንጥቆባቸው ነው። «ሁልጊዜ ኮስቲኩ ነው ወደ ውሃው የሚገባ፣ ቀስ በቀስ። ውሃውም ቀዝቃዛ ይሁን። ጓንትና መነጽር አድርግ። ከነካህ ደግሞ ሎሚ ምናምን አትበል፣ ቧንቧ ከፍተህ ለረጅም ጊዜ በውሃ ብቻ ታጠብ።»

ከዚያ ከመሳቢያቸው ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት አወጡ። «በል፣ ዕቃህን አንድ በአንድ አስነካ» አሉኝ። ማቆሚያው ላይ ልጥፍ አለ። የእግር መርገጫው ላይም፣ ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ላይም። የጎን ክዳኑ ላይ ሲደርስ ወደቀ። ካርቡራተሩም ላይ ወደቀ።

«የያዘው ብረት ነው። ኮስቲክ ብረትን አይበላም፣ ቀለሙን ብቻ ነው የሚበላ። ያልያዘው አሉሚኒየም ወይም ዚንክ ወይም ናስ ነው። አሉሚኒየም ኮስቲክ ውስጥ ከገባ ይቀልጣል። ያ ስታየው የነበረው አረፋ ጋዝ ነው፣ እሳት ይይዛል።» ሃይድሮጅን ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ሳፋውን ያስቀመጥኩት ከከሰል ምድጃው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም።

ዚንክ የተቀቡ ቡሎኖችና ዳዶዎች ግን ማግኔት ቢይዛቸውም ኮስቲኩ ልባሳቸውን ይገፈዋል፣ ስለዚህ ለብቻ ለዩ ብለውኛል። የሽንት ቤት አሲዱም እንዲሁ ነው። ዝገቱን ያነሳል፣ ክሮሙንም አብሮ ይዞት ይሄዳል።

ጋሼን እንድትሄዱባቸው የምመክረው ከዚህ በኋላ ባደረጉት ነገር ነው። ዕቃውን ለሁለት ከፈሉት። ትንሹን ክምር ወደ ራሳቸው ሳቡ። ትልቁን ወደ እኔ ገፉና «ይኼን እቤትህ ትሠራዋለህ፣ ለምን ብር ታወጣለህ?» አሉኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ሥራውን መልሶ የሚሰጣችሁ መካኒክ ታውቃላችሁ?

አሠራሩንም ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ለሰልባቲዮው ኮስቲክ መዘፍዘፍ አያስፈልግም። ቤንዚኑ ተቀድቶ በደንብ ይታጠባል። ክዳኑና የቤንዚን መዝጊያው ይፈታሉ፣ ማግኔት አይይዛቸውማ። ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ከዚያ ኮስቲኩ ውሃ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ዱቄት ይጨመርበትና እንደ አጥሚት ይወፍራል። በአሮጌ ብሩሽ ይቀባል። ውፍረቱ የሚፈለገው እንዳይንጠባጠብና ቶሎ እንዳይደርቅ ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ቀለሙ ይሸበሸባል፣ በእንጨት ሲፋቅ እንደ ልጣጭ ይነሳል። የዘይት ቀለም ስለሆነ ነው እንዲህ የሚታዘዘው። ኮስቲኩ ቀለሙ ውስጥ ያለውን ዘይት ወደ ሳሙና ይቀይረዋል። እማዬ ከሞራ ሳሙና የምትሠራበት ነገር ራሱ ነው። ይህን ስነግራት «ታዲያ መጀመሪያ እኔን አትጠይቅም ነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከታች የቀረው የፋብሪካ ቀለም ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀም፣ የብርጭቆ ወረቀት ጠይቋል።

ከፋቃችሁ በኋላ በብዙ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። የዝገት መከላከያውንም በዚያው ቀን ቀቡ። እኔ አንድ ሌሊት ባሳድረው ጠዋት ብርቱካን መስሎ ጠበቀኝ።

የሰልባቲዮው ሆድ ዕቃም ዝጎ ነበር። ለዚያ ያዘዙልኝ አቼቶ ነው። እስከ አፉ ሞልቼ፣ አንድ እፍኝ ትናንሽ ዳዶ ጨምሬ፣ አንድ ቀን ሙሉ እየመጣሁ ነቀነቅኩት። የሰፈር ልጆች ከበሮ የምመታ መስሏቸው ተሰበሰቡ። ሲቀዳ ቡና የመሰለ ውሃ ወጣ። ዳዶዎቹን ቆጥራችሁ አውጡ፣ እኔ አንዷን ስፈልግ ነው የመሸብኝ። ከዚያ አሲዱን የሚያበርድ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጬ አጠብኩት፣ ደግሜ በንጹህ ውሃ፣ አደረቅኩት። ወዲያው የሁለት ምት ሞተር ዘይት አፍስሼ አንከባለልኩት፣ ዝገቱ እንዳይመለስ። ዲቲ ዘይት ከቤንዚን ጋር የምታቃጥል ስለሆነች ትንሽ ቢቀርም አይጎዳትም።

ለመሪው ክሮም የወጥ ቤት ፎይል በቂ ነው። ጨምድዶ ውሃ ነክሮ ማሸት። ፎይሉ ከክሮሙ የለሰለሰ ስለሆነ አይጭረውም፣ ዝገቱን ግን ይጠርገዋል። ለግራሶና ለጭቃ ደግሞ መጀመሪያ ናፍጣ በብሩሽ፣ ከዚያ ሙቅ ውሃና ኦሞ።

እሳቸው ጋ የቀረው ክዳኑና ካርቡራተሩ ነበሩ። ክዳኑን ሲሠሩ ቆሜ አየሁ። ወፍራም መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ የብርጭቆ ወረቀት አነጠፉበት፣ ጥቂት ዘይት ጠብ አደረጉ፣ ከዚያ የክዳኑን ፊት በክብ በክብ ያሹት ጀመር። በየመሃሉ ብድግ እያደረጉ ያዩታል። መስታወት የተጠቀሙት ለጥ ያለ ስለሆነ ነው። ፊቱ ካልተስተካከለ ዘይት ያንጠባጥባል። ጓርኒሲዮኑንም፣ ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚገባውን ማለቴ ነው፣ ከጓርኒሲዮን ወረቀት ላይ በመቀስ ራሳቸው ቆርጠው አወጡት። ለካርቡራተሩ ጎማውንና ፕላስቲኩን ነጥለው በነጭ ጋዝ አጠቡት። ጂግለር የሚሏት፣ ቤንዚን የሚያልፍባት የናስ ቀዳዳ የፀጉር ያህል ናት። በመርፌ አይነኳትም፣ ትሰፋለች። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዘው አሳለፉባት። ከዚያ ጎረቤት ካለው ጎሚስታ ነፋስ አስነፉባት። ሞተሯ በሦስተኛው እርግጫ ተነሳች።

ለሁለት ቀን ሥራ 1,500 ብር ነው ያስከፈሉኝ። ልጨምር ስል ተቆጡ።

እንከናቸውንም ልናገር፣ ነገ ጥፋቱን በእኔ እንዳታደርጉ። ቀጠሮ ላይ ደካማ ናቸው። «ሐሙስ» ካሉ ቅዳሜ በሉት። ዝናብ ከመጣ ሼዷ ስለምታፈስ ሥራ ይቆማል። ቡና ከተጀመረ ደግሞ ሦስተኛው ሳይደርስ ቁልፍ አያነሱም፣ እናንተም ተቀምጣችሁ ትጠጣላችሁ። አዲስና ኮምፒውተር ያለው ሞተርም አይነኩም፣ በግልጽ «አላውቀውም» ይሏችኋል። የአሮጌ ጃፓን ሞተር ባለቤት ከሆናችሁ ግን እሳቸውን አትለፉ።

አቅጣጫውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። ጠዋት ሂዱ። ዕቃውን አጥባችሁ ሂዱ፣ ጭቃ ይዞ የመጣን ይመልሳሉ።

እማዬ ሁለት ሳሙና ጠቅልላ ልካላቸው ነበር። ናፍጣና ግራሶ ከእጃቸው ላይ እንደዚያ ያስለቀቀላቸው ሳሙና የለም አሉ። ትናንት ሳልፍ ጠርተውኝ «እናትህ ሌላ ካላት በዋጋ እወስዳለሁ» ብለውኛል። በዋጋ አይሆንም ብላለች። ነገ ስድስት አደርስላቸዋለሁ።